ካቦውንና ባሬላውን ጠይቁ፦ የጣሊያን ዘመን የግዳጅ ሥራ ምስክርነት እንዴት ይቀዳል?

መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ በሚካሄድበት በየትኛውም ቦታ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ ሁለት ቃላት አያመልጧችሁም፤ ካቦ እና ባሬላ። ካቦ ሠራተኛውን የሚያሰማራው ሰው ነው። ባሬላ ደግሞ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ይዘው ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱበት ሳንቃ። ሁለቱም ከጣሊያን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ እንደ ፒያሳ፣ እንደ መርካቶ፣ እንደ ካዛንቺስ። የሰፈሮቹ ስም ከየት እንደ መጣ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ያስረዳችኋል። ባሬላውን ማን ይሸከም እንደ ነበር፣ አልሸከምም ያለው ምን እንደ ደረሰበት የሚያስረዳችሁ ግን መንገድ ላይ አታገኙም። እሱ ያለው በየቤቱ፣ በአረጋውያንና በልጆቻቸው ዘንድ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በአራዳና በአካባቢው የነበሩ ቤተሰቦች ስለ ጣሊያን ዘመን ሲያወሩ ለዓመታት ስቀዳ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ተነሥቼ ነው። አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ በግድ ስለ ሠራው ሥራ የሚመሰክር ሰው «ምን ተሰማዎት?» ሲባል «ያው፣ መከራ ነበር» ብሎ ያበቃል። «ምን ተሸከሙ?» ሲባል ግን ይተርካል።

ማንን ትፈልጋላችሁ?

ሒሳቡ ቀላልና መራራ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ መቶ እየተጠጋ ነው። ስለዚህ በዓይኑ ያየ ሰው መኖሩን ከሰማችሁ ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ወር አታሳድሩ፤ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ከእሱ ቀጥለው ከአባትና ከእናታቸው አፍ የሰሙት ልጆች ይመጣሉ። እነዚህም ቢሆኑ አብዛኞቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ናቸው። የልጅ ልጅ የሚነግራችሁ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ያስተካከለውን ታሪክ ነው፤ ዋጋ የለውም አልልም፣ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን።

የት ይገኛሉ? ድሮ ቢሆን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገብቶ አንድ በር ማንኳኳት ይበቃ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳና የካዛንቺስ ነዋሪ በመልሶ ማልማቱ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል፤ ሰፈሩ ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት አዲስ መንገድና የመብራት ምሰሶ ነው። ዕድሩ ግን በአብዛኛው እንዳለ ነው፤ ሰው ከሰፈሩ ቢወጣም ከዕድሩ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ የዕድሩን ጸሐፊ ፈልጉ። መዝገቡ ውስጥ የአባላት ስም፣ ስልክና ቀብር የተፈጸመበት ቀን ሁሉ አለ። ጸሐፊው ራሳቸው ስልክ ደውለው «የእገሌን ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ» ቢሉላችሁ በሩ ከመድረሳችሁ በፊት ተከፍቶ ይጠብቃችኋል። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባላትና የየደብሩ አረጋውያንም ጥሩ መነሻ ናቸው።

ከመሄዳችሁ በፊት የምታውቁት

ባዶ ጭንቅላት ይዞ መሄድ ሽማግሌን ማድከም ነው። ቢያንስ የሚከተለውን ያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ፣ ቤቱም ተቃጠለ። ከእልቂቱ የተረፈው ብዙ ሰው ታፈሰ። ከፊሉ ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር ወደሚገኘው የዳናኔ እስር ቤት ተጋዘ፤ መኳንንቱ ወደ ጣሊያን፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተወሰዱ። በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ያለችው ኖክራ ደግሞ እስረኛ በዚያ ሐሩር ድንጋይ የሚፈልጥባት ነበረች። ዳናኔ እናቶችና ሕፃናትም ነበሩበት፤ በኋላ አምባሳደር የሆኑት እምሩ ዘለቀ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር እዚያ ታስረዋል።

እስረኛው ሚካኤል ተሰማ ከነፃነት በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ መሞታቸውን መስክረዋል፤ በምግብ እጥረት፣ በወባ፣ በተቅማጥ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው ዝርዝር ደግሞ በእስር ካምፖች የሞቱት 35,000 ተብለዋል። እነዚህ የመሐላ ቃሎች ለክስ የተሰበሰቡ ስለሆኑ ቁጥርና የሹም ስም ይበዛባቸዋል። የአካፋው እጀታ፣ የውሃው ጣዕም፣ አጠገብ ተኝቶ የነበረው ሰው የናንተ ሥራ ነው።

ለንባብ ሁለት ቦታ ይበቃችኋል፤ በስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። ስድስት ኪሎ ከሄዳችሁ አይቀር ከተቋሙ ሕንፃ ፊት ለፊት የቆመውን ደረጃ ተመልከቱት። ጣሊያኖች ለፋሺስቱ አገዛዝ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የገነቡት ነው። ወዴትም አያደርስም። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እኔ ወጣቶችን ለሥልጠና ይዤ ስሄድ እዚያ አቁሜ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይህን ሲሚንቶ ማን አቦካው?

«በግድ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁሉም የጣሊያን ዘመን ሥራ የግዳጅ ሥራ አልነበረም። በሊሬ ተቀጥሮ መንገድ የሠራ አለ፣ እስረኛ ሆኖ የሠራ አለ፣ ከመንደሩ ታፍሶ የተወሰደ አለ። ሁሉንም አንድ ላይ ብትጨፈልቁ እውነተኛውን ተጎጂ ታዋርዱታላችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ስምምነት መሠረት የግዳጅ ሥራ ማለት አንድ ሰው ፈቅዶ ሳይገባበት፣ ቅጣት ይደርስብሃል በሚል ማስፈራሪያ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ወደ ቤት ቋንቋ መልሳችሁ ሦስት ጥያቄ አድርጉት፦ መቅረት ይቻል ነበር? የቀረ ሰው ምን ይሆን ነበር? ገንዘብ ይሰጥ ነበር ወይ? የሦስቱን መልስ ሳትይዙ «የግዳጅ ሥራ» የሚል ርእስ አትስጡት።

ዕቃችሁ

ስልክ ይበቃል፣ ግን ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ቢከዳችሁ ሌላው ይተርፋል። ሁለቱንም ከኔትወርክ አውጧቸው። ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፣ መብራት ይኖራል ብላችሁ አትመኑ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ አታስቀምጡት፤ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር መድፍ የተተኮሰ ያህል ይቀዳል። የታጠፈ ነጠላ ወይም ፎጣ ላይ አድርጉት። ክረምት ከሆነ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ቡና የሚወቀጥ ከሆነ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ አታስቁሙ፣ ነውር ነው። አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ መልሳችሁ ስሙ። ስለ ዕቃ ይህ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጨነቅ ሰው ጥያቄውን ይረሳል።

ቤት ስትገቡ

ባዶ እጅ አትሂዱ። ቡና፣ ስኳር ወይም ዳቦ ይበቃል፤ ገንዘብ ግን አይሁን፣ ምስክርነቱን የተገዛ ያስመስለዋል። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማሆይ፤ ቤተሰቡ የሚጠራበትን ሰምታችሁ በዚያው ጥሩ፣ ከአንቱታም አትውጡ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጤናና የልጆች ወሬ ነው። አይባክንም፤ ሰውየው የትኛው ጆሯቸው እንደሚሰማ፣ የትኛው ልጅ ቶሎ ቶሎ እንደሚያቋርጣቸው ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ፈቃድ ጠይቁ። ወረቀቱን አታስፈርሙ ገና፣ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምርጫው ሦስት ነው፤ ስሜ ይጠራ፣ ስሜ ይደበቅ፣ በሕይወት እስካለሁ አይሰማ። መልሱን በድምፅም ቅዱት። «ካሳ አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ ይመጣልም፣ እውነቱን ተናገሩ፤ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ ነገሩ ከዓመታት ድርድር በኋላ መብራት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሆኖ መጣ። አንድ አዛውንት ይህን ስነግራቸው «እንግዲያውስ አምፖሌ የአባቴ ነው» ብለውኛል።

ጥያቄው

ከካምፑ አትጀምሩ። የናዚ ጀርመንን የግዳጅ ሥራ ሰለባዎች ምስክርነት የያዘው፣ በርሊን ነፃ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ስብስብ ከ26 አገሮች ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ያናገረው ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው እስረኛ ከመሆኑ በፊት የሆነ ሰው ልጅ፣ የሆነ ሙያ ያለው ሰው ነበር። «ጣሊያን ሳይገባ አባትዎ ምን ነበር የሚሠሩት?» ብላችሁ ጀምሩ።

ሥራው ላይ ስትደርሱ ጥያቄአችሁን አሳንሱት። ጠዋት መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ምን ነበር? በእጅ የተያዘው ዕቃ ምን ይባል ነበር? ከየት ወስዶ ወዴት? ካቦው የማን አገር ሰው ነበር፣ በምን ቋንቋ ይጣራ ነበር? ውሃ በምን ይቀርባል? የታመመ ሰው የት ይተኛል? መልሱን ግን አታቀብሉ። «በጅራፍ ይገርፏችሁ ነበር?» ስትሉ ጅራፉን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ያጠፋ ሰው ምን ይደረግ ነበር?» በሉና ዝም በሉ።

እኔ ይህን የተማርሁት አበላሽቼ ነው። አንድ አረጋዊ «አባቴን ሞቃዲሾ ወሰዱት» አሉኝ። ማወቄን ለማሳየት ቸኩዬ «ዳናኔ ማለትዎ ይሆናል፣ አባባ» አልሁ። «አዎ፣ ዳናኔ» አሉ በትሕትና። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳናኔ፣ ዳናኔ እያሉ ተረኩ። ቤቴ ገብቼ ስሰማው ቃሉ የእሳቸው አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ ዳናኔን «ሞቃዲሾ» ይለዋል፤ ነገር ግን በእውነት ሞቃዲሾ ከተማ ውስጥ ታስሮ የነበረም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ ከዚያ ቅጂ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ጉብኝት እንደ አዲስ ብጠይቃቸው «አንተ ዳናኔ ነው ብለኸኝ የለ?» አሉኝ።

በዚያው ቤት ልጃቸው ውሃ ስታቀርብ አንድ ነገር አሳየችኝ። አያቷ ብርጭቆ ሲሰጣቸው ከመጠጣታቸው በፊት ከንፈራቸውን ብቻ ያስነኩና ትንሽ ይቆዩ ነበር አለች፤ እንዴት እንደ ሆነ ብርጭቆውን አንሥታ አደረገችው። ለምን እንደ ሆነ ጠይቃቸው አታውቅም። የዳናኔ ውሃ ጨዋማ እንደ ነበር ከእስረኞቹ ቃል አውቃለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አፌን ይዤ ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ። የእጅና የከንፈር ልማድም ምስክርነት ነው። ድምፅ መቅጃው ስለማይዘው ማስታወሻ ደብተር አይለያችሁ።

ቀን ስትጠይቁ ቁጥር አትጠብቁ፤ ታቦትና ጾም ጠይቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፣ በየወሩ 12 ደግሞ የሚካኤል ዕለት ነው። «የሚካኤል ዕለት፣ ዓርብ» ያለ ሰው የሒሳብ ስሕተት አይኖርበትም። ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ረመዳንና መውሊድ ይህንኑ ያገለግላሉ። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የምትመልሱ ከሆነ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ከነወሩ አስሉ፣ ዋናውን ቃል ግን አትሰርዙት።

ያለቀሰ ሰው ሲያጋጥማችሁ መቅጃውን ለመዝጋትም አዲስ ጥያቄ ለመወርወርም አትቸኩሉ። ውሃ ስጡ፣ ጠብቁ፣ «እንቀጥል ወይስ ሌላ ቀን ልምጣ?» በሉ። ሴቶች ላይ የደረሰውን የሚጠይቅ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ወንዶች ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አትቆዩ።

ሌላኛው ሰው

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ባሬላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መጋዝም፣ ሰንሰለትም፣ አብሮ መታሰርም እንዲሁ። ስለዚህ የተረፈ ሰው ሁሉ ከጎኑ የነበረ ሌላ ሰው አለው፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው አልተመለሰም። መንግሥት መዝገብ አልያዘለት፣ ሐውልት ላይ አልተጻፈ፣ ቤተሰቡ የት እንደ ቀረ አያውቅ። ስሙ ያለው እዚህ ክፍል ውስጥ በተቀመጡት አዛውንት አፍ ብቻ ነው። «ከማን ጋር ነበር የሚሸከሙት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን፣ መልኩን፣ የመጨረሻ የታየበትን ቦታ ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ከቀዳችሁ በኋላ

በዚያው ዕለት ማታ ፋይሉን ስም ስጡትና ሦስት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ወደ ጽሑፍ ስትመልሱት አታሳምሩት፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ ስድስት ሰዓት ይፈጅብኛል፣ እናንተም ከዚያ በታች አትጠብቁ። «ያየሁት» እና «የሰማሁት» የተባለውን በሁለት የተለያየ ምልክት ለዩ። የእናንተ ማብራሪያ በቅንፍ ይሁን፣ ከነመነሻ ፊደላችሁ። ተናጋሪው ከመዝገብ ጋር የማይስማማ ነገር ቢናገሩ ከታች አስታውሱት እንጂ ከላይ አታርሙት። ፈቃድ ካለ አንድ ቅጂ ለጥናትና ምርምር ተቋሙ ወይም ለወመዘክር ስጡ፤ የፈቃዱ ወረቀት አብሮ ካልሄደ ግን ባትሰጡት ይሻላል።

ከማንም በፊት ቅጂው የሚደርሰው ለቤተሰቡ ነው። ፍላሹን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አብራችሁ ስሙ፣ የሚወጣ ነገር ካለ ጠይቁ።

ለመታሰቢያው ደግሞ ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም። የካቲት 12 ጠዋት በሰማዕታት ሐውልት ማርሽ ባንድ፣ ባንዲራና ሕዝብ አለ፤ እዚያ ቆማችሁ ጽሑፍ ላንብብ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። አበባው ከተቀመጠ በኋላ በዕድሩ ድንኳን ወይም ቡና በተፈላበት ቤት ተሰብሰቡ። ከአንድ ምስክርነት ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ክፍል አንድ ሰው ያንብብ፤ ቢቻል የቤተሰቡ አባል፣ ሳይጮኽና ሳይተውን። ቀጥሎ የሌላኛው ሰው ወረቀት ይነበብ፣ አንድ በአንድ።

የእኛ ዝርዝር ውስጥ ስም የሌለው አንድ ሰው አለ። አባታቸው ታፍሰው ድንጋይ ሲያመላልሱ የከረሙ አንድ አዛውንት ናቸው የነገሩን። አባትየው ስለ ሥራው ብዙም አያወሩም ነበር፤ ከኋላ ባሬላውን ይዞ የነበረውን የጅሩ ሰው ግን እስኪሞቱ ድረስ አልረሱም። ስሙን ልጁ ሰምተው አያውቁም። አባታቸው የሚጠሩት «ኋላዬ» እያሉ ነበር። ስም በሚለው ቦታ ላይ እንደ ተነገረን ጻፍነው፤ ሲነበብም እንዲሁ ይነበባል፦ ኋላዬ፣ የጅሩ ሰው።